የላስታ ጎጆዎች፦ እንግዳ ተቀባዮቹ ትንንሽ ቤቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የቅዱስ ላሊበላ ስም ሲነሣ በሁላችንም ልቡና ቀድሞ የሚሣለው ከአንድ ዐለት የተፈለፈለው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። ይህም ተገቢ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቦታውን ያየው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ቢጽፈው የሚያምነው እንዳያጣ ሠግቶ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም እስከ መማል ደርሷል። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ቢሆኑ ዓይናቸውን ከዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት እምብዛም አላነሡም። እኔ ግን ዛሬ በአጠገባቸው የቆሙትን ትንንሽ ቤቶች እንድትመለከቱልኝ እሻለሁ።

ቤቶቹ ክብ ናቸው። ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ በጭቃ እየተያያዙ የተገነቡ፣ ምድር ቤትና ደርብ ያላቸው፣ በሣር የተከደኑ ናቸው። አብያተ ክርስቲያናቱ ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈሉ ከዐለት ሲወጡ፣ ጎጆዎቹ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ ቆሙ። ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ስለ መዘገበው ስለዚህ ቦታ በሚሰጠው መግለጫም «የላስታ ጎጆዎች» ብሎ ለይቶ ይጠቅሳቸዋል። በዕድሜ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር አይወዳደሩም፤ ክብራቸው ግን በዕድሜ ብቻ የሚመዘን አይደለም።

ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታችን ልደትና የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድነት ሲከበር፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ይላሉ። ያን ዝማሬ ለመስማት ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣውን ምእመን ማን ተቀበለው? እግሩን ማን አጠበው? የት አደረ? ንጉሡ ያነጸው ለስግደትና ለቅዳሴ ነው፤ ተሳላሚውን ያሳደረው የላስታ ሰው ነው። ሱነማዊቷ ሴት ለነቢዩ ኤልሳዕ በደርብ ላይ ትንሽ ክፍል አዘጋጅታ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ እንዳኖረችለት በነገሥት መጽሐፍ ተጽፏል (2ነገ. 4፥10)። የማርቆስ እናት የማርያም ቤትም ምእመናን ተሰብስበው የሚጸልዩበት ነበር (ሐዋ. 12፥12)። ስለዚህ የእንግዳ መቀበያውን ቤት ከመቅደሱ ታሪክ ነጥሎ መጻፍ፣ በእኔ አስተያየት፣ ታሪኩን ማጉደል ነው።

ባለፉት ዓመታት ለአብያተ ክርስቲያናቱ ደኅንነት ሲባል በአቅራቢያቸው ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ለዚህ በቂ ምክንያት ነበር፤ ከመንደር የሚወርድ ፍሳሽ ለዐለቱ አይበጅም። ውኃና መብራት ያለው ቤት የሚመኝን ሰውም በሲሚንቶ ቤት የምንኖር እኛ ልንወቅሰው አይገባም። ነገር ግን ጎጆ ያለ ሰው አይቆይም። የሣር ክዳኑን ከተባይ የሚጠብቀው ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ነው። እሳት ሲጠፋ ክዳኑ ይበሰብሳል፤ ክዳኑ ሲያፈስ ዝናቡ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ጭቃ ያጥባል፤ ከዚያ በኋላ ግድግዳው ሆድ ያወጣና ይናዳል። በቆርቆሮ መክደን ዝናቡን ይከለክላል፤ የሣር አከዳደን ሙያን ግን ተማሪ ያሳጣዋል። ስለዚህ ግድግዳውን ጠግኖ በሩን ከመቆለፍ ይልቅ ቤቱን ለመንፈሳዊ ተማሪዎች ወይም ለተሳላሚዎች ማደሪያ ማድረግ የሚሻል ይመስለኛል፤ ቢያንስ ምድጃው ይነዳል።

እናንተም በመጪው የልደት በዓል ወደዚያ ስትጓዙ ከቤተ ጊዮርጊስ ፎቶግራፍ በኋላ ጥቂት ጊዜ አትርፉ። ደርቡ በምን እንጨት እንደ ተረበረበ፣ ሣሩ ከየት እንደሚታጨድ፣ በየስንት ዓመቱ እንደሚታደስ አረጋውያኑን ጠይቁና የነገሯችሁን በራሳቸው ቃል ጻፉ። የእያንዳንዱን የቤቱን ክፍል ስም መጠየቅንም አትርሱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።