ትንፍሽ ሳይሉ መስማት

ደራሲ ብቻውን ነው የሚሠራው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ። በተለይ የሳይንስ ልቦለድ የሚሞክር ሰው ብቻውን ሲሆን ፈተናው ይበዛል። የፈጠረው ዓለም ለእሱ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል፤ አንባቢው ዘንድ መድረሱን ግን በምን ያውቃል? ጓደኛውን ቢጠይቅ «አሪፍ ነው!» ብሎ ይገላገለዋል።

ለዚህ ችግር አሜሪካ ውስጥ መላ የፈለጉት በ1956 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዴመን ናይት፣ ጁዲት ሜሪል እና ጄምስ ብሊሽ የተባሉ ደራስያን ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ሚልፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ የሙያ ባልደረቦቻቸውን ሰበሰቡ። ደንቡ ቀላል ነው። ሁሉም ጽሑፉን አስቀድሞ ያነባል። ከዚያ ክብ ሠርተው ይቀመጡና በየተራ አስተያየት ይሰጣሉ። ማንም ማንንም አያቋርጥም። ባለጽሑፉ ደግሞ ሁሉም ተናግረው እስኪጨርሱ ትንፍሽ አይልም።

ዝምታው ቅጣት አይደለም። መጽሐፍ ከታተመ በኋላ ደራሲው በየአንባቢው ቤት እየዞረ «እኔ እኮ ማለት የፈለግኩት...» ሊል አይችልም። እኛ ሰምና ወርቅ የለመድን ሰዎች ደግሞ «ወርቁ አልገባህም» ማለት ይቀናናል። አምስት ሰው አንብቦ አምስቱም ካልገባቸው ግን ወርቁ ገና አልተቀበረም።

ሚልፎርድ ሥራቸው ለታተመላቸው ብቻ ነበር። እዚያ የተሳተፈው ሮቢን ስኮት ዊልሰን በ1968 ሐሳቡን ይዞ ወደሚያስተምርበት ክላሪዮን ኮሌጅ ሄደና ለጀማሪዎች ከፈተው። ስድስት ሳምንት፣ እየተፈራረቁ የሚያስተምሩ ደራስያን፣ ያው ክብ።

በ1970 ክላሪዮን ከገቡት አንዷ ኦክታቪያ በትለር ናት። በ1947 የተወለደች ዓይናፋር ጥቁር ወጣት፤ እናቷ የሰው ቤት ሠራተኛ፣ በልጅነቷ የሞተው አባቷ ጫማ ጠራጊ። እዚያው ሳለች ሁለት አጫጭር ልቦለዶች ሸጠች። በቃ፣ ደራሲ ሆነች ማለት ነው?

አልሆነላትም። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ጽሑፍ አልሸጠችም። ሳህን አጠበች፣ በስልክ ዕቃ ሸጠች፣ የድንች ቺፕስ ጥራት ተቆጣጠረች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እየተነሣች ትጽፍ ነበር። የመጀመሪያ ልቦለዷ «ፓተርንማስተር» የወጣው በ1976 ነው። «ኪንድረድ» በ1979 ተከተለ። በ1995 ታዋቂውን የማክአርተር ሽልማት ስትቀበል ከሳይንስ ልቦለድ ጸሐፍት የመጀመሪያዋ ነበረች። ተነሣሽነት ይመጣል ይሄዳል፣ የሚያዋጣው ልማድ ነው የሚለው ምክሯም ከነዚያ ሌሊቶች የተቀዳ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን አናምታታ። ክቡ ለበትለር የሌላ ሰው ዓይን ሰጣት፤ አምስቱን ዓመት ግን ማንም አልጻፈላትም። ክቡን ብቻ የያዘ ሲያወራ ይኖራል። ብቸኝነቱን ብቻ የያዘ ደግሞ ያንኑ ስሕተት ሃያ ጊዜ ይደግማል።

በትለር ራሷ ኋላ ላይ ተመልሳ ጀማሪዎችን አስተማረች። በ2006 ስታርፍም አዳዲስ ጸሐፍትን ወደዚያው ክብ የሚልክ የነፃ ትምህርት ዕድል በስሟ ተቋቋመ።

ለእኛስ? አራት ሰው፣ የተባዛ ጽሑፍ፣ አንድ ሲኒ ቡና ይበቃል። ዶላር አይጠይቅም። የሚከብደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጽሑፋችን ሲተች አፋችንን መያዝ። ማታ ቤት ስንገባ ደግሞ ብቻችንን ቁጭ ብሎ ማረም።