የሙቀት ጌጅ አጭር ታሪክ፣ ከዘንገና ዳር

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል። ስለ መኪና የሙቀት ጌጅ ነው። "ቲቸር ደግሞ መካኒክ ሆነ እንዴ?" እንዳትሉኝ፤ ጉዳዩ ታሪክ ነው። መጨረሻው ላይም በጣም የዘገየ ይቅርታ አለበት።

ባለፈው ወር ከቡሬ ወደ እንጅባራ በአሮጌዋ ኮሮላዬ እየመጣሁ ነበር። ቲሊሊን አልፌ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ስደርስ ዓይኔ ጌጁ ላይ አረፈ። ከደቂቃ በፊት መሀል ላይ የነበረው መርፌ ቀዩ መስመር ላይ ተለጥፏል። ክው አልኩ። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ። እንፋሎት የለም፣ የሚሸት ነገርም የለም። እኔ ግን በድንጋጤ እጄን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሰደድኩ።

"ቲቸር! እንዳይከፍቱት!"

ዞር ስል ሞተር ሳይክሉን መንገድ ዳር ያቆመ ወጣት ነው። "አላስታወሱኝም እንዴ? ዘጠነኛ ሐ ነበርኩ፣ መጨረሻ ወንበር።" አስታወስኩት! አድዋን ሳስተምር የሚያንቀላፋው ልጅ። አሁን የመኪና ኤሌትሪሺያን ሆኗል። "መብረዱን ሳናረጋግጥ አንነካውም፤ ግማሽ ሰዓት አረፍ ይበሉ" አለኝ። ድሮ እኔ ነበርኩ "ቁጭ በል" የምለው፤ አሁን እሱ አስቀመጠኝ። እሺ ብዬ ሐይቁ ዳር ተቀመጥኩ።

ዘንገናን ለማታውቁ፦ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያው ደን፣ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እዚህ አገር ከመኪና በፊት ፈረስ ነበር፤ አሁንም አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማህበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያሳየንን ታውቃላችሁ። ፈረሰኛ የፈረሱን ሙቀት ለማወቅ ጌጅ አያስፈልገውም። መዳፉን ደረቱ ላይ ያሳርፋል፣ ላቡን ያያል፣ ትንፋሹን ያዳምጣል። በእሱና በሙቀቱ መካከል ሌላ ነገር የለም። የጌጅ ታሪክ ባጭሩ ይህ "ሌላ ነገር" እየበዛ የሄደበት ታሪክ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ለአፄ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ ገባ። በዚያ ዘመን ሹፌር የሞተሩን መሞቅ የሚያውቀው እንደ ፈረሰኛው ነበር፤ በእንፋሎቱ፣ በሽታው፣ በድምፁ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የቦይስ ሞቶሜትር መጣ። ራዲያተሩ ክዳን ላይ የሚሰካ ቴርሞሜትር ነው። ሹፌሩ መሪውን እንደያዘ በፊት ለፊቱ መስታወት በኩል ቀይ ፈሳሽ ሲወጣና ሲወርድ ያያል። ግን ልብ በሉ፦ ይህ ዕቃ የሚለካው ውሃውን ሳይሆን ከውሃው በላይ ያለውን እንፋሎትና አየር ነው። ጌጅ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚነግረን "እኔ ያለሁበት ቦታ ይህን ያህል ሞቋል" ብቻ ነው። ስለ ቀረው ሞተር የምንገምተው እኛ ነን።

አሁን ወደ 2,500 ሜትር ልመለስ። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ዘንገና ላይ ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። በድሮው፣ ክዳኑ ግፊት በማይዝ ራዲያተር ብንሄድ፣ ምጽዋ ላይ ልክ የሆነ "ፈላ" የሚል ምልክት እዚህ ደጋ ላይ አይሠራም፤ መርፌው ምልክቱ ጋ ሳይደርስ ውሃው እየተንፈቀፈቀ ያልቃል። ጌጁ አልተበላሸም፤ የሌላ አገር ሚዛን ይዞ ነው የመጣው።

ኋላ ግፊት የሚይዝ ክዳን መጣ። ግፊቱ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ልጁ "እንዳይከፍቱት" ብሎ የጮኸብኝም ለዚህ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይለቅና፣ ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖ ታፍኖ የቆየው ውሃ ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይፈነዳል። እባካችሁ ይህንን እንኳ ከዚህ ጽሑፍ ያዙ።

ቀጥሎ ጌጁ ከክዳኑ ወርዶ ዳሽቦርድ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ በቀጭን ቱቦ ነበር። ሞተሩ ጋ ባለው ጫፍ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ አለ፤ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምርና መርፌውን ይገፋል። ፈረንሳዊው ቡርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 ያስመዘገበው የግፊት መለኪያ ነው የዚህ አሠራር መነሻ። ኋላ ኤሌትሪክ ተተካ። ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1833 አንዳንድ ነገሮች ሲሞቁ ኤሌትሪክ ይበልጥ እንደሚያሳልፉ አስተውሎ ነበር፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ይህ ትዝብት ቴርሚስተር ሆነ። የመኪናችን ሴንሰር ይኸው ነው፦ ሲበርድ ኤሌትሪክ ይከለክላል፣ ሲሞቅ ያሳልፋል፤ ብዙ ሲያልፍ መርፌው ይወጣል። በብዙዎቹ የአሁን መኪኖች ደግሞ መሀል ላይ ኮምፒውተር ገብቷል። ሹፌር እንዳይረበሽ ተብሎ ሙቀቱ ከፍና ዝቅ ቢልም መርፌው መሀል ላይ ይቆማል።

ቮልስ ነድታችሁ ታውቃላችሁ? ቮልስ ውሃም የላትም፣ የሙቀት ጌጅም የላትም። ነገር ግን የዲናሞዋ ቀይ መብራት ስትበራ ነቃ ያለ ሹፌር ወዲያው ይቆማል። ለምን? ዲናሞውንና ማቀዝቀዣ ማራገቢያውን የሚያዞረው አንድ ቤልት ስለሆነ። ስለ ባትሪ ልትናገር የተቀመጠች መብራት ስለ ሙቀት ትመሰክራለች ማለት ነው። ክፍል ውስጥ "ምንጩ ሳያስበው የነገረን" እያልኩ የማስተምራችሁ ይህንን ነበር።

እናላችሁ ግማሽ ሰዓቱ አለቀ። ልጁ የራዲያተሩን ቱቦ ዳሰሰ፣ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ከፈተ። ውሃው ሙሉ ነው።

"ቲቸር፣ መርፌው የወጣው ቀስ እያለ ነው ወይስ ባንዴ?"

"ባንዴ።"

"ብረትና ውሃ ባንዴ አይሞቅም። ባንዴ የሚዘለው ኤሌትሪክ ነው።"

ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ እንድከፍት አዘዘኝ። ሞተሩ በርዶም መርፌው ቀዩ ላይ ወጣ። ከዚያ የሴንሰሩን ሽቦ ነቀለ። "አሁን ምስክሩ አፉን ዘግቷል፤ መርፌው መውረድ አለበት።" አልወረደም! ስለዚህ ሴንሰሩ ነፃ ነው፤ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የራሱ የጌጁ ነው። "የነዳጅ ጌጅዎስ ልክ ነው?" ልክ ነው አልኩት። በብዙ አሮጌ መኪኖች ሁለቱ ጌጆች ቮልቴጅ የሚያስተካክል አንድ ክፍል ይጋራሉ፤ ሁለቱም አብረው ካበዱ ጥርጣሬው እዚያ ላይ ነው። የኔ አንዱ ብቻ ስላበደ ሽቦውን በእጁ እየተከተለ ሄደ። ከሞተሩ ጀርባ ሽቦው ከብረት ጋር ሲፋተግ ኖሮ ልባሱ ተልጦ ቦዲውን ነክቷል። ኤሌትሪኩ በሴንሰሩ ሳያልፍ በአቋራጭ ማሳ ያገኛል፤ ጌጁም ያንን "በጣም ሞቋል" ብሎ ያነበዋል።

በናስትሮ ጠቀለለው፣ ሽቦውን መለሰ፣ መርፌው ወረደ። በቃ። ሌላ ቦታ ብወስዳት "ቴስታታ ይውረድ" የሚለኝ ባልጠፋ ነበር። ገንዘብ ብሰጠው እንቢ አለኝ።

ልሸኘው ስል እንዲሁ ለጨዋታ ጠየቅኩት፦ "ለመሆኑ ጌጅ ሲዋሽ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ነው?"

"አይ ቲቸር። ከፍ ብሎ ሲዋሽ ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም። ሞተር የሚገድለው ዝቅ ብሎ ሲዋሽ ነው። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ሴንሰሩ አየር ላይ ይቀራል። ሞተሩ እየነደደ መርፌው ይወርዳል።"

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አጎቴ በ1970ዎቹ የኤንትሬ ሹፌር ነበር። ፊያት 682 ኤን 3 ማለት ነው፤ "ትሬ" በጣሊያንኛ ሦስት ነው። ያኔ አባይ በረሃን መሻገር የሹፌር ፈተና ነበር። ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደህ፣ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ትወጣለህ፤ ያውም ከነጭነትህ። አንድ ቀን አጎቴ የደጀንን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ተቃጠለ። ቱቦ ተቀዶ ውሃው በመንገድ ላይ ፈስሶ አልቆ ነበር። ባለንብረቱ "ጌጅ አላየህም፣ ተኝተሃል" አለው። አጎቴ መልሱ አንድ ነበር፦ "መርፌው ትንሽ ወጣ አለ፣ ከዚያ ወረደ። በረደልኝ ብዬ ተመስገን አልኩና ነዳሁ።"

ማንም አላመነውም። ሥራውን አጣ፤ ከዚያ ወዲያ ትልቅ መኪና አምኖ የሰጠው ሰው የለም። እኔም ዲግሪዬን ይዤ በመጣሁበት ዓመት፣ በበዓል ቀን፣ ዘመድ በተሰበሰበበት "ጋሼ፣ ሞተር እየነደደ ጌጅ አይወርድም፤ ይሄ ከሳይንስ ጋር አይሄድም" አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱ ቀና ብሎ አየኝና "አንተ የተማርክ ነህ" ብቻ አለኝ። ከዚያ በኋላ ያንን ነገር እኔ ፊት አንስቶት አያውቅም። ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው።

ዕድሜዬን ሙሉ ምን ብዬ ነው ያስተማርኳችሁ? "ምስክርን ከማመናችሁም ከመጣላችሁም በፊት የት ቆሞ እንዳየ ጠይቁ።" የገዛ አጎቴን ግን አልጠየቅኩትም። እሱ የመሰከረው ስለ ሞተሩ አልነበረም፤ ስለ መርፌው ነበር። ያየውንም በትክክል ተናገረ። መርፌው እንኳ በራሱ መንገድ ልክ ነበር፤ ሴንሰሩ ያለበት ቦታ በርግጥም ቀዝቅዞ ነበር፣ ውሃው ጥሎት ስለሄደ። የተሳሳትነው እኛ ነን፣ መርፌውን ሞተሩ ራሱ አድርገን የቆጠርነው።

ለምትነዱ፦ መርፌው ባንዴ ከዘለለ ቆማችሁ ሽቦ ጠርጥሩ። ቀስ እያለ ከወጣ በእውነት ሞቋልና አጥፉት። ከወጣ በኋላ ያለ ምክንያት ከወረደ ግን ተመስገን ከማለታችሁ በፊት ቁሙ፤ ሲበርድ ውሃውን እዩ።

ቤታችሁ የረጅም መንገድ ሹፌር የነበረ አባት ወይም አጎት ካለ፣ በሕይወት እያለ ጠይቁት፤ ሳታቋርጡት ስሙት። የሰማችሁትን እዚህ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ጋሼ፣ ልክ ነበርክ። ይቅርታ አድርግልኝ።

ሰላም ዋሉ።