የኮምባይነር ጣቶች፦ ከጣውላ እስከ ፕላስቲክ

እንደሚታወቀው በኮምባይነር ፊት የሚሽከረከረውና ሰብሉን ወደ ቢላዋው የሚስበው ክፍል ሪል ይባላል። ሪል ሲጀመር ጣት አልነበረውም። ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ቤል እ.ኤ.አ. በ1828 ማሳ ላይ የሞከረው ማጨጃ ሪሉ ከጣውላ የተሠራ ነበር። ጣውላ ለቆመ ሰብል ይበቃል። የጋሸበውን ግን ይጫነዋል እንጂ አያነሳውም፤ ቢላዋውም ከዛላው በላይ ያልፋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሪሉ ላይ ጣቶች የተገጠሙት ለዚሁ ነው።

የብረት ጣት ቢጎብጥ ይቃናል። ይሁን እንጂ ጎብጦ ቢላዋው ውስጥ ከገባ ጥርስ ይሰብራል፤ አጨዳውም በዝናብ ሥጋት መካከል ይቆማል። የፕላስቲኩ ተቆርጦ ስለሚያልፍ ቢላዋውን እምብዛም አይጎዳም፤ ደርቆ የደረሰ ፍሬንም ያን ያህል አያረግፍም። ፀሐይ ላይ ሲከርም ግን ይሰነጣጠቃል። ለጋሸበ ስንዴ ከቁሱ ይልቅ የጣቶቹ መሟላት ይበልጣል።

በአርሲ፣ ካዱ እ.ኤ.አ. በ1967 ከተቋቋመ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ትራክተርና ኮምባይነር የገዙ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን አፈናቅለዋል። ዛሬ በአርሲና በባሌ አነስተኛ ገበሬ በኩንታል ሂሳብ ከፍሎ በኪራይ ኮምባይነር ያሳጭዳል። መሬት ላይ የሚቀረው ስንዴ የእርሱ ስለሆነ፣ ማሽኑ ማሳ ከመግባቱ በፊት የጎደለ ጣት እንዲተካ፣ ሰብሉ ከጋሸበም ጣቶቹ ወደ ኋላ ዘንበል እንዲደረጉ ኦፕሬተሩን መጠየቅ ይችላል።