የምርምር ጽሑፍን በክፍት ማከማቻ የማኖር ደንብ

የምርምር ጽሑፍን በክፍት ማከማቻ የማኖር ደንብ አንድ ተመራማሪ በጆርናል ያሳተመውን ጽሑፍ ማንም ሰው ሳይከፍል ሊያነበው በሚችል የኢንተርኔት ማከማቻ እንዲያስቀምጥ አሳታሚው የሚፈቅድበትን ወይም የሚከለክልበትን ሁኔታ የሚወስን ደንብ ነው። ጸሐፊው ብዙውን ጊዜ ከጆርናሉ ክፍያ አያገኝም፤ ሆኖም ጽሑፉ ሲታተም የቅጂ መብቱን ለአሳታሚው የሚያስተላልፍ ውል እንዲፈርም ይጠየቃል። ከፈረመ በኋላ የገዛ ጽሑፉን ለማጋራት የአሳታሚውን ፈቃድ ማየት ይኖርበታል።

ሦስቱ ቅጂዎች

ፈቃዱ የሚለያየው በቅጂው ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ለጆርናሉ የተላከው፣ ገምጋሚዎች ገና ያላዩት ረቂቅ ነው። ሁለተኛው በገምጋሚዎች አስተያየት ታርሞ ተቀባይነት ያገኘው የጸሐፊው ቅጂ ነው። ሦስተኛው አሳታሚው ገጹን አሰናድቶ በጆርናሉ ስም ያወጣው የታተመ ቅጂ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው የቃላት ልዩነት ብዙ ጊዜ ጥቂት ሲሆን የመብቱ ልዩነት ግን ሰፊ ነው፤ ብዙ አሳታሚዎች ሁለተኛውን ይፈቅዳሉ፣ ሦስተኛውን ይከለክላሉ። ተመራማሪዎች በእጃቸው የሚቀረው የታተመው ፒዲኤፍ ስለሆነ እሱኑ ይጭናሉ፤ ክርክር የሚነሣውም በአብዛኛው ከዚህ ነው። ጽሑፉ ተቀባይነት ባገኘ ዕለት የነበረውን ፋይል ለይቶ ማስቀመጥ ይህን ችግር ያስቀራል።

የኤልሰቪየር ደንብ

የኔዘርላንዱ አሳታሚ ኤልሰቪየር በ2004 እ.ኤ.አ. ጸሐፊዎች ሁለተኛውን ቅጂ በግል ድረ ገጻቸውና በተቋማቸው ማከማቻ እንዲያኖሩ ፈቀደ። ቆይቶ አንድ እንግዳ ቅድመ ሁኔታ ተጨመረ፦ ጸሐፊው በፈቃዱ ቢያኖር ይችላል፣ ተቋሙ እንዲያኖር ካስገደደው ግን ተቋሙ አስቀድሞ ከአሳታሚው ጋር መስማማት አለበት። በ2015 ይህ ቀርቶ፣ በተቋም ማከማቻ የገባው ቅጂ ለሕዝብ የሚከፈተው እንደየጆርናሉ የተወሰነ የጥበቃ ጊዜ ካለፈ በኋላ እንዲሆን ተደረገ። ጊዜው ለአንዳንድ ጆርናሎች እስከ 48 ወር ይደርስ ስለነበር ማከማቻዎችና የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ተቃውመውታል።

እንደ ሪሰርችጌት ያሉ የንግድ ድረ ገጾች በደንቦቹ ዓይን የተቋም ማከማቻ አይደሉም። ኤልሰቪየርና የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር ሪሰርችጌትን በ2017 በጀርመን፣ በ2018 በአሜሪካ ከስሰው ጉዳዩ በ2023 በስምምነት አልቋል።

ከአሳታሚው በላይ የሆኑ ሕጎች

በጀርመን ከ2014 ጀምሮ፣ ቢያንስ ግማሽ ወጪው በመንግሥት ገንዘብ የተሸፈነ ምርምር ጸሐፊ፣ ጽሑፉ ከታተመ ከ12 ወር በኋላ ሁለተኛውን ቅጂ ለንግድ ባልሆነ ዓላማ ማውጣት ይችላል፤ በውል የተጻፈ ክልከላም አያግደውም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ከ2008 ጀምሮ በእነርሱ ገንዘብ የተሠራ ጽሑፍ ቢበዛ በ12 ወር ውስጥ በፐብሜድ ሴንትራል እንዲከፈት ያስገድዱ ነበር፤ በ2025 የጥበቃ ጊዜውን አንሥተውታል።

በኢትዮጵያ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2019 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል፤ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ የዩኒቨርሲቲ ምርምሮች በብሔራዊ ዲጂታል ማከማቻ እንዲገቡ ይጠይቃል። ጽሑፉ በውጭ አገር ጆርናል የወጣ ከሆነ ግን የትኛው ቅጂ፣ መቼ እንደሚከፈት ለማወቅ ጸሐፊው የፈረመውን ውል ማየት አለበት። የየጆርናሉን ደንብ ቀድሞ ሼርፓ ሮሜዮ ይባል በነበረው የብሪታንያ የመረጃ ቋት በነጻ መፈለግ ይቻላል።