የሦስት መንገዶች መገናኛ፦ የሃንዌል ድልድይ እንደ ታሪክ ሰነድ



የታሪክ ሰነድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ብራናን፣ ደብዳቤንና መዝገብን ነው። እኔ ግን ዛሬ በብረትና በጡብ የተጻፈ ሰነድ ላነብላችሁ እወዳለሁ። ይኸውም በምዕራብ ለንደን፣ በሃንዌል የሚገኘውና «ሦስቱ ድልድዮች» የሚባለው ሥራ ነው። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ድልድዮቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሦስት የሆኑት መንገዶቹ ናቸው። ከላይ የጋሪ፣ ዛሬ ደግሞ የመኪና መንገድ፣ ከመካከል የጀልባ ቦይ፣ ከታች የባቡር ሐዲድ በአንድ ስፍራ ይተላለፋሉ።

ንድፉ የኢዛምባርድ ኪንግደም ብሩኔል ነው። ሥራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 ተጠናቀቀ፤ መሐንዲሱም በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ዐረፈ።

የመንገዶቹን ቅደም ተከተል የወሰነው ምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ተፈጥሮ ነው። ጋሪ ዳገት ይወጣል፤ ለባቡርም መሬት ተቆፍሮ ዝቅ ያለ መስመር ይበጅለታል። የቦይ ውኃ ግን ከአንዱ መዝጊያ በር እስከ ሌላው ድረስ ልክ ሆኖ መተኛት አለበት። ስለዚህ ቦዩ በብረት ገንዳ ውስጥ በቦታው ጸና፤ ባቡሩ ከሥሩ፣ መንገዱም ከበላዩ አለፉ።

ሁለተኛው ምክንያት ሕግ ነው። የግራንድ ጃንክሽን ቦይ በ1793 በፓርላማ ዐዋጅ የተፈቀደ ነበር። አዲሱ ሐዲድ ያመራ የነበረው በቴምዝ ወንዝ ዳር ወዳለው የብሬንትፎርድ ወደብ ነው፤ ቦዩም ከቴምዝ የሚገናኘው እዚያው ብሬንትፎርድ ላይ ነው። እንግዲህ ባቡሩ የገበያ ተቀናቃኙን በራሱ ላይ ተሸክሞ ማለፍ ግድ ሆነበት።

ጋሪ በጀልባ፣ ጀልባም በባቡር ተተካ የሚለው የተለመደ ትረካ እዚህ ስፍራ ላይ ይፈተናል። የመስመሩ የመንገደኞች አገልግሎት በ1942፣ ወደቡም በ1964 ተዘጋ። በቦዩ ላይ ግን ዛሬም የመዝናኛ ጀልባዎች ያልፋሉ፤ ከሥሩም የጭነት ባቡር ይመላለሳል። አሮጌው የተባለው መንገድ አዲሱ የተሠራለትን ወደብ በዕድሜ በለጠው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ የመጓጓዣን ታሪክ ስትጽፉ «ማን ማንን ተካ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ «ኋላ የመጣው ቀድሞ ለነበረው ምን ያህል ቦታ እንዲተው ተገደደ? ያስገደደውስ ማን ነው?» ብላችሁም መርምሩ።