አስከሬን ሲመሰክር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። በሽታው ራሱ ከባለቤቱ ቢደበቅስ?

የፓዱዋው ሐኪም ጆቫኒ ባቲስታ ሞርጋኒ የበሽታን መኖሪያ በአስከሬን ውስጥ የፈለገበትን ታላቅ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1761 ሲያሳትም የ79 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ከእርሱ ወዲህ ሐኪሞች ስሕተታቸውን ከሙታን መማር ለመዱ።

እ.ኤ.አ. በ1935 በባልቲሞር አርኖልድ ሪች ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የነበረ ወንዶችን አስከሬን መርምሮ፣ ከመቶው በ14ቱ የፕሮስቴት ነቀርሳ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ ደግሞ በሌላ ምክንያት ከሞቱት፣ ዕድሜያቸው ከ79 ካለፈ ወንዶች መካከል ነቀርሳው ያለባቸውን ከመቶ 59 ገመታቸው። እነዚህ ሰዎች ከነቀርሳቸው ጋር ኖሩ እንጂ በእርሱ አልሞቱም።

ምስክሩ ግን ሌላም ቃል አለው። የቦስተን ሐኪሞች በ1960፣ በ1970 እና በ1980 የተመረመሩ 300 አስከሬኖችን መዝገብ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ10 አስከሬኖች በአንዱ ያህል፣ በጊዜው ቢታወቅ ዕድሜ ሊያስረዝም ይችል የነበረ ሕመም ተገኝቷል።

እነሆ ሁለት ምስክርነት! አንደኛው «ያገኛችሁትን ሁሉ ገዳይ አትበሉ» ይላል፤ ሁለተኛው «ገዳዩን ሳታዩ አትለፉ»። በሕያው ሰው ፊት የቆመ ሐኪም ጭንቀቱ ሁለቱን መለየት ነው።

እኔ ውሎዬ ባንክ ቤት ነው፤ ሒሳቡ ሳይመሳከር ቀኑ አይዘጋም። የሰው ዕድሜ ሲዘጋ ግን «ቀኑ ደርሶ ነው» ብለን አፈር እንመልሳለን። አንዳንዱ ቀኑ ሳይደርስ እንደ ሄደ የሚነግረን ማን ነው?