ለመስክ ሥራ የሚውል የፀሐይ ኃይል ሬዲዮ አመራረጥ

ኤሌክትሪክና የስልክ አገልግሎት ወደማይደርስባቸው አካባቢዎች ለሥራ የሚሰማሩ ሠራተኞች የጎርፍ ማስጠንቀቂያም ሆነ የመንገድ መዘጋት ዜና በወቅቱ የሚደርሳቸው በአብዛኛው በሬዲዮ ነው። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ሬዲዮ ለዚሁ ተግባር ሲገዛ ሦስት ዋና ዋና ጉዳዮችን ማጤን ይገባል።

የመጀመሪያው የሞገድ ዓይነት ነው። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ የሚሠራጨው ኤፍ ኤም ድምፁ የጠራ ቢሆንም ተራራ ስለሚጋርደው ከማሠራጫው ርቆ አይሰማም። መካከለኛ ሞገድ በተለይ ሌሊት ረጅም ርቀት ይጓዛል፤ አጭር ሞገድ ደግሞ ከላይኛው የከባቢ አየር ክፍል እየተንጸባረቀ ከአገር አገር ይደርሳል። ከከተማ ለሚርቅ ሠራተኛ ሦስቱንም የሚቀበል ሬዲዮ ተመራጭ ነው።

ሁለተኛው መጠባበቂያ ኃይል ነው። በሬዲዮ ላይ የሚገጠመው አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳ ባትሪውን የሚሞላው በዝግታ ሲሆን፣ በክረምት ደመና አቅሙ ይበልጥ ይቀንሳል። ስለሆነም በእጅ የሚዞር መዘውር ወይም የባትሪ ድንጋይ ማስገቢያ ሊኖረው ይገባል።

ሦስተኛው የባትሪው ሁኔታ ነው። በቻርጅ የሚሞላ ባትሪ ከጊዜ በኋላ ማርጀቱ ስለማይቀር በቀላሉ ሊቀየር የሚችል መሆን አለበት። ከፍተኛ ሙቀት ባትሪውን ስለሚጎዳም ሬዲዮውን በቆመ መኪና መስታወት ሥር ማስቀመጥ አይገባም።

በመሆኑም ግዥ ፈጻሚ ክፍሎች በዝርዝር መግለጫቸው «በፀሐይ የሚሠራ ሬዲዮ» ብለው ከማለፍ ይልቅ የሞገዱን ዓይነት፣ መጠባበቂያ ኃይሉንና የባትሪውን ተለዋጭነት ለይተው መጥቀስ ይኖርባቸዋል።